ሌሊቱን ሙሉ ሲኒማ፣ ያውም በገዛ ቤት

«ማራቶን» የሚለውን ቃል የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ትዝ የሚለው አንድ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ባዶ እግሩን፣ በ1964 በቶኪዮ ጫማ አድርጎ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ። ስለዚህ አንድ ወዳጅ «ዓርብ ማታ እኛ ቤት የፊልም ማራቶን አለና እንዳትቀሩ» ብሎ ቢጠራን፣ «ለመሆኑ የሚሮጠው ማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ የሚፈርድብን የለም። መልሱ አጭር ነው። የሚሮጠው ፊልሙ ነው፤ የሚደክመው ግን ተቀምጦ የሚያየው ነው።

ሦስት አራት ፊልም በአንድ ሌሊት አከታትሎ ማየት ለዛሬ ወጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁንና በየስልኩ የሚገኘውን፣ በየሲኒማ ቤቱ በር ሥዕሉ የተለጠፈውን ፊልም ለማየት እንግዳ መጥራት፣ ወንበር መዋስና ጎረቤት ማስፈቀድ አያስፈልግም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልናወጋችሁ ያሰብነው ስለ ብርቆቹ ፊልሞች ነው፤ ጠፍተው ስለተገኙት፣ ተቆርጠው ስለተቀጠሉት፣ ተሠርተው ሳለ ለሕዝብ ሳይቀርቡ በሣጥን ስለከረሙት። እንዲህ ያሉትን ፊልሞች ወዳጅ ሰብስቦ በቤት ማሳየት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አንቀየመውም። እኛ ግን ከጨዋታነቱ ሌላ ቁም ነገር አለው እንላለን። (ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያው ከአበበ እንነሣ። የቶኪዮውን ኦሊምፒክ በፊልም ያስቀረው ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ ነው። «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» የተባለው ይህ ፊልም በ1965 ሲወጣ 170 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። በመጨረሻው ላይ የማራቶኑ ሩጫ ሲመጣ ካሜራው ከአበበ ፊት አልነቀል ይላል፤ እርምጃው ዝግ ብሎ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኑ ሩቅ እያየ ሲሮጥ ይታያል። ይኸው ፊልም አሜሪካ ሲደርስ ግን ነጋዴዎቹ ቆራርጠው 93 ደቂቃ አደረጉት። እንግዲህ «ያንን ፊልም አይቼዋለሁ» የሚል ሰው ሲገጥመን «የትኛውን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል ማለት ነው። ብርቅ ፊልም ማለት ስሙ ያልታወቀ ብቻ አይደለም። ስሙ በዓለም ሁሉ ታውቆ ገላው የተሸራረፈም ብርቅ ነው።

ፊልም እንዴት ይጠፋል?

ብዙ ሰው ፊልም አንድ ጊዜ ከተሠራ ለዘለዓለም የሚኖር ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። እስከ 1950 አካባቢ ድረስ ፊልም ይሠራ የነበረው ሴሉሎስ ናይትሬት ከሚባል ነገር ሲሆን፣ ይህም ለባሩድ የቅርብ ዘመድ ነው። አንዴ ከተቀጣጠለ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ከራሱ ስለሚያወጣ፣ ውሃ ውስጥ ቢከቱት እንኳ መንደዱን አይተውም። በሐምሌ 1937 በአሜሪካ በኒው ጀርሲ የፎክስ ኩባንያ የፊልም ማከማቻ ሲቃጠል ከኩባንያው ድምፅ አልባ ፊልሞች የሚበዙት አመድ ሆነዋል። ከእሳት የተረፈውን ደግሞ በውስጡ ያለውን ብር ለማውጣት ብለው ያቀለጡት ጥቂት አይደለም። በኋላ «የማይቃጠል» ተብሎ የመጣው አሲቴት የሚባለው ዓይነትም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እየተጨማደደ ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል፤ ሽታው ከመጣ መበስበሱ ጀምሯል።

የዚህ ሁሉ ድምር ምን እንደሆነ የአሜሪካ ምክር ቤት መጻሕፍት ቤት በ2013 ባወጣው ጥናት ተቆጥሯል። ከ1912 እስከ 1929 በአሜሪካ ከተሠሩት 11000 ያህል ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል፣ ሙሉ ሆኖ በመጀመሪያ መልኩ የተገኘው ከመቶው 14 ብቻ ነው። ሀብትም ሙያም ባልጎደለበት አገር ይህ ከሆነ፣ በሌላው ዘንድ ያለውን መገመት አይከብድም።

እሳቱና ብስባሹ አንድ ወገን ናቸው፤ ሰውም ሌላ ወገን ነው። ጀርመናዊው ሙርናው በ1922 «ኖስፌራቱ» የተባለውን የደም መጣጭ ታሪክ ሲሠራ «ድራኩላ» ከተባለው መጽሐፍ ሳያስፈቅድ ስለ ቀዳ፣ የደራሲው የብራም ስቶከር ሚስት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ ፈረደ። ፊልሙ ዛሬ የሚታየው ፍርዱ ሳይደርስባቸው ባሕር የተሻገሩ ቅጂዎች ስለነበሩ ነው።

የዴንማርኩ ካርል ድሬየር ደግሞ በ1928 ስለ ዣን ዳርክ መከራ የሠራው ፊልም ኔጋቲቩ በዚያው ዓመት በርሊን ውስጥ ተቃጠለበት። ሰውየው ተስፋ ሳይቆርጥ ከተረፈው ቁርጥራጭ ሁለተኛ ፊልም ገጣጠመ። በ1968 ሲሞት የመጀመሪያው ሥራው ጠፍቶ የቀረ ይመስለው ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ኦስሎ አጠገብ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ዕቃ ቤት ሲጸዳ ጥቂት ቆርቆሮዎች ተገኙ። ሲከፈቱ ዣን ዳርክ ነበረች፤ ምንም ሳይቆረጥባት። ፊልሙ ለምን ለሕሙማን እንደተላከ ጠይቀን መልስ አላገኘንም። ከእብዶች ቤት ያገኘነውን ግን ከጤነኞች ቤት አጥተነው ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው የ«ሜትሮፖሊስ» ታሪክ ነው። ፍሪትስ ላንግ በ1927 በርሊን ላይ ያሳየው ይህ ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነበር። ወዲያው ረዘመ ተብሎ ከሩቡ የሚበልጠው ተቆረጠ፤ የተቆረጠውም ጠፋ። ዓለም ሰማንያ ዓመት ሙሉ ጎደሎውን ሲያይ ኖረ። በአርጀንቲና ግን አንድ የፊልም ነጋዴ ሳይቆረጥ ያስገባው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በፊልም ወዳጆች ማኅበር ይታይ ነበር። የማኅበሩ ኃላፊ የነበረ አንድ ሰው፣ ያ ፊልም ሲታይ እጅግ ረጅም ጊዜ መውሰዱ ገርሞት ኖሮ ይህንኑ በጨዋታ መካከል አነሣው። ፈርናንዶ ፔኛ የተባለ የፊልም ታሪክ አጥኚ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያው ያ ቅጂ ሙሉው መሆን አለበት» ብሎ ፍለጋ ገባ። ዓመታት ከፈጀ ድካም በኋላ በ2008 በቡዌኖስ አይሬስ የፊልም ሙዚየም ተገኘ። የተጫጫረና የደበዘዘ ነበር፤ ነገር ግን 25 ደቂቃ ያህል ለፊልሙ መለሰለትና በ2010 እንደገና በርሊን ላይ ታየ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ቆርቆሮው ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ተቆልፎበት ነበር፤ ቁጥርም ይኖረው ይሆናል። ያስገኘው ግን ቁልፉም ቁጥሩም አይደለም። ያስገኘው «ያን ዕለት ፊልሙ አላልቅ ብሎን ነበር» ብሎ የሚያስታውስ አንድ ሰው ነው። ፊልም ሣጥን ብቻውን አያቆየውም፤ ምስክር ያስፈልገዋል። በቤት የሚደረግ የፊልም ሌሊት ቁም ነገር አለው ማለታችን ስለዚህ ነው፤ እዚያ ቤት ያደሩት አሥርና አሥራ ሁለት ሰዎች ከዚያ ወዲያ ምስክሮች ናቸው።

ስላልወጡት ፊልሞች

ተሠርተው ያልወጡት ፊልሞች ነገራቸው ለየት ይላል። ኦርሰን ዌልስ «የነፋሱ ሌላ ወገን» የተባለውን ፊልም ከ1970 እስከ 1976 ድረስ ገንዘብ ባገኘ ቁጥር ሲያነሣ፣ ባጣ ቁጥር ሲያቆም ቆየ። ከገንዘቡ ከፊሉ ከኢራን የመጣ ስለነበር፣ በ1979 እዚያ አብዮት ሲነሣ ነገሩ በባለንብረትነት ክርክር ተተበተበና ኔጋቲቩ ፓሪስ ላይ ተቆለፈበት። ዌልስ በ1985 ሞተ። ፊልሙ በወዳጆቹ ጥረትና በኔትፍሊክስ ገንዘብ ተጠናቅቆ የወጣው በ2018 ነው። ታሪኩም የሚገርም ነው፤ አንድ ያረጀ የፊልም አዘጋጅ በልደቱ ቀን ያላለቀ ፊልሙን በቤቱ ለተሰበሰቡ እንግዶች ሲያሳይ መብራት እየጠፋ ያስቸግረዋል። ይህን ፊልም አዲስ አበባ ውስጥ ሰብስቦ ያሳየ ሰው፣ የትኛው መብራት እንደጠፋ፣ የፊልሙ ይሁን የሰፈሩ፣ ለእንግዶቹ ማስረዳት ሊኖርበት ይችላል።

በሌላ በኩል ጄሪ ሉዊስ አለ። ይህ ስመ ጥሩ ቀልደኛ በ1972 በናዚዎች እስር ቤት ሕፃናትን ወደ ሞት ስለሚመራ አንድ አስቂኝ ተጫዋች የሚተርክ ፊልም ጀመረ። በመብትና በገንዘብ ክርክር ሳይወጣ ቀረ፤ በኋላም እሱ ራሱ በሥራው አፍሮ ማንም እንዲያየው አልፈቀደም። የቀረውን ለአሜሪካ ምክር ቤት መጻሕፍት ቤት ሲሰጥ እንኳ ለ10 ዓመት ያህል እንዳይታይ ቃል አስገብቶ ነው። በ2017 ሞተ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ፊልም አንድ ሰው በስርቆት ቢያገኘው በቤቱ ማሳየት ይገባዋልን? በዚህ ጥያቄ ላይ ባልንጀሮቻችን ከሁለት ተከፍለው ሲሟገቱ ሰምተናል። አንደኛው ወገን «የዓለም ሀብት ነው፤ ሊደበቅ አይገባም» ይላል። ሁለተኛው «የሰው ደብዳቤ ሳያስፈቅዱ ከፍቶ ማንበብ ነው» ይላል። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን። ሞት የለየው ወይም ክርክር ያሰረው ሥራ አንድ ነገር ነው፤ ሠሪው በሕይወት ሳለ ዝም እንዲባልለት የለመነው ሥራ ሌላ ነገር ነው። ለፊልም ፍቅር አለኝ የሚል ሰው ፊልም ሠሪውን መበደል የለበትም። አገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አላት፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በደንብ የተገዛን ፊልም ለወዳጅ በነፃ ማሳየት ደግነት ነው፤ በር ላይ ቆሞ ገንዘብ መቀበል ከተጀመረ ግን ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞራል።

የእኛዎቹስ?

አባቶቻችን መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ሥዕል ሲንቀሳቀስ ያዩበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» አሉት። በጨለማ ውስጥ ሕያው ያልሆነ ነገር ሲሄድና ሲመጣ ቢያዩ መፍራታቸው አያስቅም። እኛ ዛሬ የምንፈራው ሌላ ነው፤ ሥዕሉ መንቀሳቀሱን ሳይሆን ማቆሙን ነው።

በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በአማርኛ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። ገንዘቡን አውጥተው ያሠሩት አቶ ኢላላ ኢብሳ ሲሆኑ፣ ያዘጋጀው ላምብሮስ ዮካሪስ የተባለ ግሪካዊ ነበር። ስሙን የማያውቅ የፊልም ወዳጅ የለም። ከእኛ እኩዮች መካከል ከዳር እስከ ዳር ያየው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመንም። ከእሱ በኋላ የመጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ስሙን ለፊልም ሽልማት እስከ ማውረስ ደርሷል። ሽልማቱን በቴሌቪዥን ያየው ሕዝብና ፊልሙን ያየው ሕዝብ ቢቆጠር ግን ልዩነቱ ሳያሳፍረን አይቀርም።

የተሻለ ዕድል የገጠመው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ኃይሌ ከአሜሪካ መጥቶ በ1974፣ የአገሪቱ መንግሥት በሚለዋወጥበት በዚያ ዓመት፣ በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም አነሣው። አንድ የጭሰኛ ቤተ ሰብ በባለ መሬት ማሳ ላይ ከጧት እስከ ማታ ሲደክም እናያለን፤ ፊልሙም እንደ በሬው እርምጃ ዝግ ያለ ነው። በ1976 ወጣ። ኋላም ማርቲን ስኮርሴዚ ባቋቋመው የፊልም ማደሻ ድርጅትና በጣልያን በቦሎኛ የፊልም ቤት እርዳታ ታድሶ እንደገና ንጹሕ ሆኖ ይታያል። የገጠራችንን ማሳ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ጠርገው አነሡልን ማለት ነው። ማመስገን ይገባል፤ ማሰብም ይገባል።

ስለ ሌሊቱ ዝግጅት

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ነገር ቀኑ ነው። እኛ ዓርብን እንመርጣለን። በማግሥቱ ተኝቶ ይዋላል፤ እሑድም ለቤተ ክርስቲያንና ለእናት ቤት ይተርፋል። ዓርብ የጾም ቀን መሆኑም ለአስተናጋጁ ኪስ ይረዳል፤ አንድ ትልቅ ድስት ሽሮ አሥራ ሁለት ሰው ያሳድራል። ፈንዲሻውን መቼም ማንም አይረሳውም። ፈረንጅ ፈንዲሻን የሲኒማ ነው ይላል፤ እኛ ዘንድ ግን ከቡና ጋር የቆየ ዘመድ ነው።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ነጭ ግድግዳ ከሌለ የተተኮሰ አንሶላ ጥግና ጥጉን ወጥሮ መስቀል ይበቃል። ፕሮጀክተር ከመሥሪያ ቤት «ለአንድ ሌሊት» ብሎ ማውጣት አይገባም፤ ተዋጥቶ መከራየት ይሻላል። ላፕቶፑ ባትሪው ይሞላ፤ ሻማ ይዘጋጅ። በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር ሰው ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ቀደም ብሎ ይንገራቸው፤ ከተቻለም ይጥራቸው። የተጠራ ጎረቤት ስለ ጩኸት አይከስም።

ሦስተኛው፣ ዋናውም፣ የፊልሞቹ ምርጫና ቅደም ተከተል ነው። ያለውን ሁሉ አሳያለሁ የሚል አስተናጋጅ እንግዶቹን በእንቅልፍ ይቀጣል። አራት ይበቃሉ። ለምሳሌ ያህል ባለፈው ክረምት አንድ ባልንጀራችን በኪራይ ቤቱ ያዘጋጀው ሌሊት እንዲህ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ዓይንም ልብም ትኩስ ሳለ፣ የድሬየር ዣን ዳርክ፤ 82 ደቂቃ። ከዚያ እራት። በ3 ሰዓት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፤ 150 ደቂቃ። ከዚያ ሻይና ክርክር። ልክ በእኩለ ሌሊት፣ በ6 ሰዓት፣ «ኖስፌራቱ»፤ 94 ደቂቃ። በ8 ሰዓት የዌልስ ፊልም፤ 122 ደቂቃ። ሲደመር 448 ደቂቃ፣ ማለትም ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ፣ ከሩጫው በኋላ ሣሩ ላይ ጅምናስቲክ መሥራቱን እያሰብን ተጽናንተን ነበር።

አራተኛው፣ ከእያንዳንዱ ፊልም በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ የፊልሙን ታሪክ ይናገር፤ መጨረሻውን ሳይሆን፣ እንዴት እንደ ጠፋና እንዴት እንደ ተገኘ። ዣን ዳርክ ከየት እንደ ወጣች ቀድሞ የሰማ ሰው ፊቷን ሲያይ ሌላ ዓይነት ዝምታ ይይዘዋል። ድምፅ አልባ ፊልም ሲሆን ደግሞ በመካከል የሚመጣውን ጽሑፍ አንድ ደኅና አንባቢ በአማርኛ ጮክ ብሎ ያንብብ። በእዚያ ሌሊት «ኖስፌራቱ» ሲታይ አንዱ እንግዳ ክራሩን ይዞ መጥቶ ስለነበር፣ ያ ደም መጣጭ ደረጃውን ሲወጣ በአንቺ ሆዬ ነበር የወጣው። ድምፅ አልባ ፊልም በዘመኑም የሚታየው ከሙዚቃ ጋር ስለነበር ይህ ድፍረት አይባልም። ስልክን በተመለከተ አንድ መሶብ በር አጠገብ ይቀመጥ፤ ሁሉም ስልኩን እዚያ ይክተት። መሶቡ ሲንጫጫ ማደሩ ግድ ነው፤ ቢሆንም ክዳን አለው።

የጧቱ ፊልም

ከአራቱ በኋላ አምስተኛ አለ፤ ይህን ነው ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልን የምንለምነው። አስተናጋጁ ሲጠራን «እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ አሮጌ ካሴት ይዛችሁ ኑ፤ ቀድማችሁም አስገልብጡት» ብሎን ነበር። አብዛኞቻችን ቀልድ መስሎን ባዶ እጃችንን ሄድን። አንዱ ብቻ፣ የአስተማሪነት ሥራ የያዘ ወጣት፣ በ1987 ዓ.ም. የተነሣውን የወላጆቹን ሠርግ አስገልብጦ አመጣ። ለጧቱ ቡና ደግሞ አክስቱን ጠርቷቸው ነበር።

ሲነጋጋ ቡናው እየተቆላ ያ ሠርግ አንሶላው ላይ ወጣ። ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ አዘንብሏል። አንዲት አሮጊት በዳሱ መካከል ብድግ ብለው ሙሽራዋን መርቀው ሲዘፍኑ፣ ልጁ «እሳቸው ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። አክስቱ ጀበናውን አስቀምጠው «አንተ ልጅ፣ አያትህን ታጣለህ?» አሉት። ሴትየዋ እሱ ሳይወለድ ያረፉ ናቸው፤ እሱ የሚያውቃቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለች አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ድምፃቸውን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ወደ ኋላ እንዲመለስለት ለመነ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰለት።

ከዚያ አክስቱ እያንዳንዱን ሰው በስሙ መጥራት ያዙ። «ይህ የአባትህ ሚዜ ነው፤ ይህች ከድሬዳዋ የመጣችው የእናትህ ባልንጀራ ናት፤ ይህን አላውቀውም፤ ይህ ነፍሱን ይማረው።» አንዳችን ወረቀት አውጥተን ስንጽፍ ከሃያ የማያንስ ስም ሞላን። አክስቱ ባይጠሩ ኖሮ እነዚያ ሰዎች ስማቸው ሳይታወቅ ሲጨፍሩ ይኖሩ ነበር። በዌልስ ፊልም ጊዜ ያንቀላፋው ሁሉ በዚያ ሠርግ ነቅቶ ተቀምጦ ነበር።

ያልወጣ ፊልም ማለት ይህም አይደለምን? በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው፣ በየትም ሲኒማ ቤት ያልታየ፣ ተዋንያኑ እያለፉ ያሉ ፊልም በየቤታችን ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ታዋቂ ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በሐምሌ 2016 ሥራውን አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ያለው ማጫወቻ ሁሉ እያረጀ የሚሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ምክራችን ቀላል ነው። ካሴቱ ከሙቀትና ከእርጥበት ይራቅ፤ ቁሞ ይቀመጥ እንጂ አይደራረብ። ሻጋታ ከታየበት ማጫወቻ ውስጥ አይግባ፤ ማጫወቻውንም ሌላውንም ካሴት ይበክላልና፤ ወደ ባለሙያ ይወሰድ። የተገለበጠው በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ ግን፣ ሰዎቹን በስም የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት በሕይወት ሳሉ አብረዋቸው ተቀምጠው ይዩት።

ለወጣት ሹማምንት አንድ ቃል

በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተሾማችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ቀን «የሚወገድ ንብረት» የሚል ዝርዝር ጠረጴዛችሁ ላይ ይመጣል። በዝርዝሩ መካከል ከተሰበረ ወንበርና ከዛገ ፋይል ማስቀመጫ ቀጥሎ «አሮጌ ካሴት፣ ብዛት 60» ወይም «የፊልም ቆርቆሮ፣ የዛገ» የሚል ይኖርበት ይሆናል። የሚጠበቅባችሁ ፊርማ ብቻ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አስቡ። በሐምሌ 1969 ሰው ጨረቃ ላይ ሲወርድ ከዚያ የመጣው ሥዕል ጥራቱ ሳይቀነስ የተቀዳበትን ማግኔታዊ ጥቅል ናሳ ኋላ ቢፈልገው አጣው። በ2009 ባስታወቀው መሠረት፣ የጥቅል እጥረት በነበረበት ጊዜ ተደምስሶ ሌላ ነገር ሳይቀዳበት አልቀረም። ለቴሌቪዥን የተላለፈው ደብዛዛው ቅጂ ስለተረፈ ሥዕሉን እናያለን፤ ጥርት ያለው ግን የለም። ያንን የደመሰሰው ጠላት አይደለም፤ ሰነፍም አይደለም። ሥራውን በደንቡ መሠረት የሠራ፣ ንብረት የቆጠበ፣ ምናልባትም የተመሰገነ ሠራተኛ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ይህ ምንድን ነው? እስቲ ከፍተን እንየው» የሚል ሰው በአጠገቡ አልነበረም።

እንዲህ ብሎ መጠየቅን ደግሞ መመሪያ ብቻውን አያስተምርም። ዣን ዳርክ ከሆስፒታል ዕቃ ቤት እንደወጣች የሰማ፣ ሜትሮፖሊስ በአንድ ሰው ትዝታ እንደተገኘ ያወቀ፣ የባልንጀራው አያት አንሶላ ላይ ሲዘፍኑ ያየ ወጣት፣ የዛገ ቆርቆሮ ሲመጣለት እጁ ወደ ብዕሩ ሳይሆን ወደ ክዳኑ ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ ከመድከም የምናተርፈው ይህን ነው።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ዕቁብና ማኅበር ተራ ገብቶ ማስተናገድን ካስተማረን ቆይቷልና ለዚህም ተራ እንግባ። አሥር ባልንጀሮች በሁለት ወር አንድ ጊዜ፣ አራት ፊልምና አንድ ካሴት፣ አንድ ድስት ሽሮና አንድ ጀበና። ከቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ካሴት ማውረድ ግን እስከ ተራችሁ አይቆይም፤ አክስቶቻችን አይጠብቁንምና ዛሬውኑ ይውረድ።